ምልክቴ አልጋ ነው

ሰው ሳያውቅ ብዙ ነገር ይሆናል። ሳያውቅ ይታመማል፣ ሳያውቅ ይወደዳል፣ ሳያውቅ የሰው ጫማ አድርጎ ከመስጊድ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ለምርጫ ተወዳድሬያለሁ። የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግዴለም፣ ሳቁ። አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ምን እንደሆንኩ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አስፈልጎኝ ነበር፤ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ደግሞ «በርቺ» እያለኝ አለፈ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አሶሳ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ባምባሲ ናቸው። አባቴ በልጅነቱ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ሲሆን እስካሁን ማሽላ ሲያርም የሚያንጎራጉረው በወሎ ዜማ ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪ ማለት እንግዲህ ገና ምንም ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ሐኪም አይደለም፣ መሐንዲስ አይደለም፤ የሙሽራው ወገን ይሁን የሙሽራዋ ሳይታወቅ ሰርግ ቤት እንደተቀመጠ እንግዳ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ክፍል ምርጫ ይሞላል። ይህቺን «ምርጫ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ጉድ የፈላው በእሷ ነው።

እኔ መምረጥ የምፈልገው ሳይኮሎጂ ነበር። አባቴ የሚፈልገው ደግሞ ከሳይኮሎጂ በቀር ያለውን ሁሉ ነው። ስልክ በደወልኩ ቁጥር፣ «ያ ያልሽው ነገር፣ ሥራው ምንድን ነው?» ይለኛል። ሰው ሲጨነቅ ማዳመጥ ነው እለዋለሁ። «እሱንማ እናትሽም በነጻ ታደርገዋለች» ይላል። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረስን፦ ለዚህ ሥራ እንደምሆን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይመስክርልኝ፤ ያኔ አባቴ አፉን ይይዛል። መስካሪ ከጠፋ ግን አካውንቲንግ እሞላለሁ። ቃሌን ሰጠሁ። አባቴን ማስቀየም አልችልም። እውነቱን ለመናገር ማንንም ማስቀየም አልችልም። ባጃጅ ውስጥ ሰው «ጠጋ በይ» ሲለኝ ጠጋ ብዬ፣ ጠጋ ብዬ፣ መንገድ ላይ ልወርድ የምደርስ ፍጥረት ነኝ።

ጄኔራል ሳይኮሎጂ የሚያስተምረን መምህር ጌታሁን ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው። የቤት ሥራ ሲሰጠን እኔ የዶርማችንን ሴቶች ለምን እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ጠየቅኩና ጻፍኩ። መምህሬ ወደደው። ወድዶም አልቀረ፣ እዚሁ ከተማችን ሊካሄድ ወደታሰበው የሳይኮሎጂና የአእምሮ ጤና ጉባኤ ላከው። ከዚያም ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ጥናቴ በፖስተር እንዲቀርብ መመረጡን፣ በጀማሪ ተማሪዎች ዘርፍም ለሽልማት እጩ መሆኔን ይናገራል። ምስክሬ ተገኘ ብዬ አልጋዬ ላይ ቆምኩ። የላይኛው አልጋ ላይ ስለሆንኩ ከጣሪያው ጋር ተጋጨሁ እንጂ ደስታዬስ ልክ አልነበረውም።

ችግሩ መምህሬ ባለቤቱ ልትወልድ ስለሆነ ወደ አገሩ መንገድ ጀምሮ ነበር። ከአውቶቡስ ውስጥ ደወለልኝ። «ፖስተሩን አሳትሚ» አለ፤ ድምፁ ተቆረጠ። «ምልክቶቹ በጉልህ ይታዩ» አለ፤ እንደገና ተቆረጠ። «ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲቆም…» አለና ኔትዎርኩ ጨርሶ ሄደ። መምህሬ ያላለውን ሁሉ እኔ ሞላሁት።

መጀመሪያ ፖስተር ምን እንደሆነ ማጣራት ነበረብኝ። የዶርም ጓደኛዬን ጫልቱን ጠየቅኳት። ጫልቱ የማታውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አታሳውቅም። ከአልጋዋ ራስጌ የተለጠፈውን ኳስ ተጫዋች በጣቷ አሳየችኝ።

«ፖስተር ይሄ ነዋ። ፖስተር ማለት ፊት ነው። ፊት ከሌለው እሱ ማስታወቂያ ነው።»

አሳማኝ ነበር። የጫልቱን ኮት ተውሼ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ቢለኝም ርዕሴ እንቅልፍ ማጣት ስለሆነ ሳቅ አይመጥንም ብዬ አገጬን በእጄ ደግፌ ራቅ ወዳለ ቦታ አየሁ። ለካ በዚያ ሰሞን ለምርጫ የሚወዳደሩ እጩዎችም እንደዚያ ነው የሚያዩት።

ማተሚያ ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትልቅ ማንጎ ሥር ነው። ባለቤቱ ኢድሪስ የአሶሳ ልጅ ነው፤ ቤቱ የሚናገረው የበርታ ብሔረሰብ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፤ ሚስቱንም ጭምር። መጀመሪያ ሰሞን እንደዚህ ስባል ከኋላዬ ማን አለ ብዬ እዞር ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ሰውን ሁሉ እኩል የሚያደርግ ነገር አለው።

ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ። «ለምርጫ ነው?» አለኝ።

ከአባቴ ጋር የተስማማነውን በየት በኩል እንደሰማ ገረመኝ። ግን ተማሪ ሁሉ ዓመቱ ሲያልቅ የሚያወራው ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ ስለሆነ ገምቶ ይሆናል አልኩና፣ «አዎ፣ ዞሮ ዞሮ ለምርጫ ነው» አልኩት።

«አንተ ራስህ ነህ እጩ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፤ ስልኬንም አውጥቼ «እጩ» የሚለውን ቃል አሳየሁት።

«ማሻአላህ። ወጣት ጥሩ ነው። ምልክት ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ደስታዬን ብታዩት። መምህሬ «ምልክቶቹ በጉልህ ይታዩ» ብሎኝ የለ? ይሄ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል ማለት ነው። በቃሌ እንደተማርኩት ዘረዘርኩለት። ዋናው እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ከዚያ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ያለምክንያት መነጫነጭ…

ኢድሪስ እጁን ከኮምፒውተሩ ማውስ ላይ አነሳ። «ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ምልክት ነው?»

«ሁሉም አንድ ሰው ላይ ላይታዩ ይችላሉ» አልኩት በጥንቃቄ።

«አንድ ምረጥ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው።»

ሕግ ካለ እኔ ማን ነኝ? «እንግዲያው እንቅልፍ» አልኩ። ኢድሪስ አሰበ። እንቅልፍ እንዴት ይሳላል? አልጋ ቢሆንስ አለኝ። አልጋም ይሆናል አልኩት። ከኮምፒውተሩ ፈልጎ ያወጣው ጥሩ አልጋ ነበር፤ ራስጌው የተጠረበ፣ አንሶላው የተነጠፈ፣ ማንም ያልተኛበት።

የጥናቴን ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ ስለነበር ሰጠሁት። ወደ ታች እየጎተተ አየው፣ አየው፣ አላልቅ አለው። ይህን ቆሞ የሚያነብ ሰው አሶሳ ውስጥ እንደሌለ ነገረኝ። መምህሬም «ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲቆም» ብሎኛልና እሺ አልኩ። ከላይ «እጩ» ብሎ ስሜን አስቀመጠ፤ መሀል ላይ ፊቴ፣ ሥሩ አልጋው። ከርዕሴ ውስጥ ደግሞ የወደደውን ቆርጦ «እንቅልፍ ላጡ ሁሉ» የሚል በደማቁ ጻፈ። ብዙ ሰው ቢያየው ደስ ይልሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝም በጣም ደስ ይለኛል አልኩት። መኪና ሳይኖረው በእግሩ የመጣ እጩ መታገዝ አለበት ብሎ፣ በላስቲክ ሸራ ላይ ከሚያትመው ትልቁ ባነር ሌላ በወረቀት ትንንሾቹን በራሱ ወጪ እንደሚያትም ነገረኝ። ለሱቁ መስተዋት መስሎኝ መርቄው ወጣሁ።

እንግዲህ ፍረዱ። አማርኛ ለእሱ ሁለተኛው፣ ለእኔ አፌን የፈታሁበት ነው። ጥፋቱን ወደ እሱ ልግፋ ብል ወዴት አድርጌ እገፋዋለሁ?

በማግስቱ ፕላስተር ልገዛ ወደ ገበያ ስወጣ ከተማው ተለውጦ ጠበቀኝ። የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ፊቴ አለ። የማንጎው ግንድ ላይ ፊቴ አለ። ከቀርከሃ አጥሩ ላይ ፊቴ ራቅ ወዳለ ቦታ እያየ ነው። ጉባኤ ሲባል እንዲህ ነው ለካ አልኩ፤ አዘጋጆቹ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን ያህል መድከማቸው ልቤን ነካው። ባጃጅ ነጂው ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። አንድ ነጋዴ ከሱቁ ብቅ ብሎ «በርታ!» አለኝ። ብሔሬን የጠየቀኝ መስሎኝ፣ «አይ፣ ባምባሲ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከወሎ ናቸው» አልኩት። እሱም ከየትም ብሆን ችግር እንደሌለው ነገረኝ። በጣም ተግባባን።

ትንሽ እልፍ ስል ከትራንስፎርመሩ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። አባ ሙሳ እንደሚባሉ ነገሩኝና ወዲያው፣ «የእኛ ሰፈር መብራት ነገር፣ ምን ታስቢያለሽ?» አሉኝ።

ሳይኮሎጂ እንደምወድ ሰምተው ችግራቸውን ሊያጫውቱኝ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ትምህርቱ የሚለው ደግሞ ቸኩለሽ ምክር አትስጪ፣ መጀመሪያ አዳምጪ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሲጠፋ ምን ይሰማዎታል?»

«ጨለማ ነዋ፣ ልጄ። ምን ይሰማኛል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄ አንዴ ከተቃጠለ ወዲህ ይመጣል፣ ይጠፋል» አሉ ትራንስፎርመሩን እያሳዩኝ።

«እንደዚያ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?»

«እተኛለሁ። እንቅልፍ ግን የለም። ጣሪያ ሳይ ነው የሚነጋው፤ ጣሪያውም በጨለማ አይታይም።»

«ይገባኛል» አልኳቸው፤ እንዲህ ማለት እንደሚያስፈልግ ተምረናል። አባ ሙሳ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ስንት እጩ በዚህ አለፈ፣ ሁሉም ተናግሮ ሄደ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም አሉ። በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ሰው ጥናት ማቅረቡ ገረመኝ። ነገ በትልቁ አዳራሽ እንደማቀርብ ነግሬያቸው ተሰነባበትን።

ስልኬ የጠራው ያኔ ነው። አባቴ። «መናኸሪያ ነኝ። ነይ» አለና ዘጋ። አባቴ እመጣለሁ ሳይል መጥቶ አያውቅም። ሮጬ ስደርስ ከትኬት ቤቱ ግድግዳ ፊት ለፊት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ግድግዳው ላይ እኔ አለሁ። ለካ ከባምባሲ ለገበያ የመጣ ጎረቤት አይቶ ነግሮታል።

«ይቺ ማን ናት?» አለኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«እሱንማ ያሳደግኩት ፊት ነው። ማን አስገባሽ?»

«መምህሬ ላከልኝ፤ ከዚያ ዳኞቹ…»

«ያ አላህ! ዳኛ ፊት ቀርበሻል?»

«አልቀረብኩም። ነገ ነው የምቀርበው» አልኩት ላረጋጋው።

አባቴ ዱላውን አወረደ፤ ተደገፈበትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አልጋው ጠየቀኝ። ምልክት ነው አልኩት።

«እኮ፣ የምርጫ ምልክት።»

«አይደለም፣ አባ፣ የበሽታ ምልክት ነው።»

«የማን በሽታ?»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ከአልጋው በላይ ያለው የእኔ ፊት ብቻ ነው። «የሰው» አልኩ። አባቴ መዳፉን ግንባሬ ላይ አድርጎ ትኩሳቴን ለካ።

አንድ ሻንጣ ተሸካሚ በዚያ ሲያልፍ አባቴን፣ «የእጩዋ አባት ነህ? እንኳን ደስ ያለህ፣ እኛ አልጋን ነው የምንመርጠው» አለው። ምርጫ፣ እጩ፣ ምልክት፤ ቃላቱ አንድ በአንድ መጥተው ከፊቴ ተሰለፉ። አባቴ ሁለት ነገር እንደፈራ ያኔ ገባኝ፦ ወይ ፖለቲካ ገብቻለሁ፣ ወይ ታምሜያለሁ። ሳይኮሎጂ ከሁለቱም የተሻለ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም።

እየሮጥን ኢድሪስ ጋ ደረስን። እያለከለክሁ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። «ምርጫ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ወዲያው ተነስቶ ወረቀቶቹን ከየግድግዳው ሊልጥ ሄደ፤ ወጪውን አልጠየቀኝም፣ ፊቴን እያየ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ሳቀ። ባነሩን በትክክለኛው ጽሑፍ እንደገና እንዳያትምልኝ መብራት የለም። የአባ ሙሳ ትራንስፎርመር ለካ የእኔም ኖሯል። ሲመጣ ይመጣል አለን፤ አልመጣም።

ጉባኤው ነገ ጠዋት ነው። ያለኝ ፖስተር ፊቴና አልጋ ነው። አባቴን ወደ ባምባሲ ተመለስ ብዬ ብነግረው፣ «ዳኛ ፊት ብቻሽን አትቀርቢም» ብሎ ዘመድ ቤት አደረ።

አዳራሹ ውስጥ የሌሎቹ ፖስተሮች በሠንጠረዥና በክብ በክብ ሥዕል ተሞልተዋል። ሰዎች እየተጠጉ፣ መነጽር እያስተካከሉ ያነባሉ። እኔ ጋ ግን ማንም መጠጋት አላስፈለገውም፤ ከበሩ ይታያል። መምህር ጌታሁን ከመንገድ በቀጥታ መጣ፤ ሴት ልጅ ተወልዳለት ፊቱ በርቶ ነበር። ባነሩን ከላይ እስከ ታች አየ። ውጤቱን የት አደረግሽው ሲለኝ መብራት ጠፋ አልኩት። የእሱም ፊት አብሮ ጠፋ።

ዳኛዋ ዶክተር ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ፊቴን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጥናቱ የት አለ?»

አባቴን ፈለግኩት። ከበሩ አጠገብ ቆቡን ጨብጦ ቆሟል። አካውንቲንግ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «በቃሌ ልንገርዎት?» አልኩ፤ ንገሪኝ ሳይሉ ጀመርኩ። ከማንኩሽ የመጣችው ልጅ የአገሯን ሙቀት ለምዳ የአሶሳ ንፋስ እንደማያስተኛት ነገርኳቸው። ጫልቱ ስለ ራሷ እንቅልፍ ምንም ችግር የለብኝም እንደምትል፣ ይህንንም እስኪነጋ እንደምታወራ ነገርኳቸው። ግጭት ከነበረበት ከድባጤ የመጣችው ግን ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው። ለምን ስላት «ድንገት ቢሆን» ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ይህን ስናገር ዳኛዋ መጻፋቸውን አቆሙ።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «እኔም አልተኛም» አለ። አባ ሙሳ ናቸው። እጩዋ ዛሬ ትናገራለች ብለው ባጃጅ ነጂውን አስከትለው መጥተዋል።

«አባቴ፣ የጥናቱ ተሳታፊ ነዎት?» አሏቸው ዳኛዋ።

«ደጋፊ ነኝ» አሉ አባ ሙሳ።

ዳኛዋ ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ መሬት ብትከፈት ብዬ ስመኝ አባቴ፣ የተማረ ሰው ባለበት ተናግሮ የማያውቀው አባቴ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም» አለ። «እሷ ከሄደች ወዲህ በሩ መዘጋቱን ለማየት እነሳለሁ። ዝግ ነው። ተኝቼ እንደገና እነሳለሁ።»

ዳኛዋ ወደ እሱ ዞሩ፤ ሲነሳ ምን እንደሚያስብ ጠየቁት። ይመልሳል ብዬ አላሰብኩም። መለሰ፤ ቀስ እያለ፣ ቆቡን እያዞረ፣ ረጅም ነገር። ሲጨርስ ለእናቴ እንኳ ይህን እንዳልነገራት ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሥራው ይሄ ነው እንዴ የሚል አስተያየት ነበር።

ሽልማቱን አላገኘሁም። ሠንጠረዡ ያማረለት ልጅ ወሰደው፤ ይገባዋል፣ ፊቱን የትም አልለጠፈም። ዳኛዋ ግን ሲወጡ አባቴ ጋ ቆም አሉ። «ልጅዎ ሰው መጠየቅ ትችላለች» አሉት። «ፖስተር መሥራት ግን አትችልም።»

አባቴን እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ «የምታውቅ ሰው መሰከረች። ምርጫሽን ሙይ» አለኝ። ቀጥሎም ፈገግታውን ደብቆ፣ «እኔ ድምፄን ሰጥቼሻለሁ» አለ። የተጠቀለለውን ባነር ከእጄ ተቀበለኝ፤ እንዲህ ያለ ዝናብ የማያስገባ ነገር አይጣልም ብሎ።

ምርጫዬን ሞልቻለሁ፤ ምደባው ገና አልወጣም። ባነሩ ባምባሲ የአባቴን የማሽላ ክምር ሸፍኖ፣ ፊቴ ወደ ሰማይ እያየ ነው። ጎረቤቶች በዚያ ሲያልፉ ልጅህ አሸነፈች ወይ ይሉታል አሉ። «ቆጠራው አላለቀም» ይላቸዋል።

ባለፈው ስደውልለት እንደ ሙያዬ እንቅልፉን ጠየቅኩት። አሁንም ይነሳል ወይ አልኩ።

«በሩንስ ትቼዋለሁ» አለኝ። «አሁን የምነሳው ፊትሽን ንፋስ እንዳይወስደው ነው።»